ጠመንጃ የምትወልደው ባዝራ

ባሌ ሁሴኖ የጄት ድምፅ ሲሰማ በእጁ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ወደ ደጅ ይሮጣል። የያዘው ወተትም ይሁን ጥጃ ለሱ ያው ነው። ጄቶቹ አንዳንድ ቀን ከደብረ ዘይት ተነስተው በጭላሎ ተራራ አናት ላይ እየጮኹ ያልፋሉ። ከብቱ ይደነብራል፤ ዶሮው ይበተናል፤ እሱ ግን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣

«እዪ! እዪ እንጂ የኢፍቱ እናት! የኛ ነው!» ይላል።

ኢፍቱ ልጃችን ናት። እኔን ዙቤዳ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

«የኛ ከሆነ የተዘረፉትን የጎረቤቴን የሰኪናን ላሞች ያስመልስልን» አልኩት አንድ ቀን።

«አንቺ የጦር ነገር ምን ይገባሻል?»

እውነቱን ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ጭራሹን ትምህርት ቤት አልገባም፤ ይህን ግን ሲያነሱበት አይወድም።

ስለ ሁሴኖ ልጽፍ ስነሳ መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነው፤ ሰማይ ላይ ያለውን ሲያይ እግሩ ሥር ያለው የሚጠፋበት ሰው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ሰው ተጣልቶ ይገላገላል።

መንደራችን ከአሰላ በላይ፣ ጭላሎ ወገብ ላይ ናት። ገብስና ስንዴ እናርሳለን፤ ከብትና በግ እናረባለን። አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ገለባ ላይ ሲለቀቅ፣ ጉም በወረደበት ቀን ዘራፊዎች ይመጣሉ። ከየት እንደሚመጡ ሁሉም የየራሱ ግምት አለው፤ ግምቱ ግን አንድም ላም መልሶ አያውቅም። አሰላ ድረስ ሰው ልከን፣ ሰውየው ወርዶ እስኪነግርና እርዳታ ዳገቱን እስኪወጣ፣ ዱካው ይጠፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. ግድም ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የመንደር ዘብ አቋቋሙ። ከየቤቱ አንድ ሰው በተራ ሮንድ ይወጣል፤ ፈረስ ያለው በፈረሱ፣ የሌለው በእግሩ። አለቃ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ ሁሴኖ ዞረ፤ ጦርነት ያየ እሱ ብቻ ነበርና። በ1956 ከብሔራዊ ጦር ጋር ወደ ኦጋዴን ድንበር ዘምቶ የግራ እጁን ሁለት ጣት እዚያው ትቶ ተመልሷል። ማዕረግ አልነበረውም፤ መንደሩ ግን ያን ቀን «ሻምበል» አለው። ለቀልድ ነበር። እሱ ቀልዱን ትቶ ማዕረጉን ወሰደ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም። የሚያወራው ስለ አንድ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ከቤቱ ይዞት የሄደው አሮጌ ጠመንጃ ነክሶ አልተኩስ አለው፤ ከጠመንጃው ጋር ሲታገል መቱት። «ሁለተኛ ጠመንጃ በእጃችን ቢኖር ኖሮ» ይላል ሁሴኖ። ከሱ ጋር የማልከራከርበት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ባዝራዬ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሷ ነው። ሁሴኖ ሲያገባኝ መህር ብሎ የሰጠኝ አንዲት ቡላ ባዝራ ነበረች። መህር በሃይማኖታችን የሴቷ የራሷ ነው፤ ባል ያለ ሚስቱ ፈቃድ አይሸጠውም፣ አይለውጠውም። ስሟን ቡሌ አልኳት። ሰው ግን ሳቀ። እኛ አገር ወንድ ልጅ ባዝራ አይጋልብም። ባዝራ ጋልቦ ገበያ የወጣ ወንድ ቀሚስ ለብሶ እንደወጣ ይቆጠራል። ሁሉም ድንጉላ ፈረስ ይፈልጋል። ድንጉላው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን የለም፤ ዝናብ ሲጥል እንደ እንጉዳይ ከመሬት የሚወጣ ይመስላቸዋል።

ቡሌ መጀመሪያ የወለደችው ዳማውን ነው፤ ሁሴኖ የሚጋልበውን ፈረስ። ከዚያ በኋላ ፈረስ አልወለደችም። ምክንያቱ በቅሎ ነው። ባዝራ ከፈረስ ብታረግዝ ፈረስ ትወልዳለች፤ ከአህያ ብታረግዝ በቅሎ። በቅሎ ደግሞ ከፈረስ ይልቅ ውድ ናት፤ ባለመሬቱም፣ ቄሱም፣ ነጋዴውም ይፈልጋታል። እሷ ራሷ ግን አትወልድም፤ ነገሩ በሷ ያበቃል።

አሰላ ውስጥ አቶ ፍሰሐ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ነበረ። ሰፊ ደረት ያለው ድንጉላ አህያ ነበረው፤ እሱን እየጎተተ በየመንደሩ ይዞራል። «ባዝራችሁን በአህያዬ አስጠቁ፤ የምትወለደው በቅሎ የኔ ትሁን፤ ዋጋዋን ግን ዛሬውኑ ውሰዱ» ይላል። ዋጋዋ ጠመንጃ ነበር፤ አሮጌ ምንሽር ከጥቂት ጥይት ጋር።

ለሁሴኖ ይህ ከሰማይ የወረደ ሲሳይ ነበር። ያልተወለደች በቅሎ ሰጥቶ ተሠርቶ ያለቀ ጠመንጃ መቀበል! የመንደሩ ባዝሮች በየተራ ለአህያው ቀረቡ። አህያውን እየረገጡ እምቢ ያሉትን ሮቤ ገበያ ወስደው ሸጧቸውና ቀይ ዘርፍ ያለው የፈረስ ጌጥ ገዙባቸው። የዘውድ በዓል ሲከበር አሰላ ላይ ሰልፍ አለ ተብሎ ስለነበር ዘባችን አምሮ መታየት ነበረበት። አምሮም ነበር። ያየ ሁሉ አጨበጨበ። ሁሴኖ ለሳምንት ያህል ስለዚያ ጭብጨባ አወራ፤ ጌጡ ግን እስካሁን ግድግዳችን ላይ አቧራ እየጠጣ ነው።

እኔም ቡሌን ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ «ዘንድሮን ብቻ» አለኝ። እውነትም ያኔ ዘቡ በዱላና በጦር ነበር የሚወጣው፤ ሰው ሁሉ ይፈራ ነበር። ሁለተኛውም ጊዜ «ዘንድሮን ብቻ» አለ። ሦስተኛውም። ሦስት በቅሎ ወለደች፤ ሦስት ምንሽር መጣ። መንደሩ «ጠመንጃ የምትወልደው ባዝራ» እያለ ይስቃል። ውርንጭሎቹ ጡት ጥለው በተወሰዱ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ስታሽካካ የምሰማት እኔ ስለሆንኩ ሳቁ አልመጣልኝም።

1965 ሲደርስ ጠመንጃ በጠመንጃ ሆንን፤ ፈረሶቹ ግን አረጁ። ዳማውን ሳል ያዘው፤ ዳገት ሲወጣ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ከታች ሜዳው ላይ ባለመሬቶቹ ትራክተር ካስገቡ ወዲህ ግጦሹ ታረሰ፤ ጢሰኞቹም ተነቀሉ። ሮንድ ይወጡ ከነበሩት ጎበዞች ግማሾቹ ወደ ኢተያና ወደ ናዝሬት ወርደው ቀን ሠራተኛ ሆኑ። ይህንን ለሁሴኖ ስነግረው፣

«ለዚህ እኮ ነው ጠመንጃ የሚያስፈልገን። ሰው ሲያንስ ጠመንጃ ይብዛ» አለኝ።

«ጠመንጃው ብቻውን ሮንድ ይወጣልሃል?»

«አንቺ እንከን ፈላጊ ነሽ።»

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የሰኪና ላሞች ተነዱ። ሰኪና ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት፤ ቤቷ በጫካው በኩል፣ የመንደሩ መጨረሻ ላይ ነው። በቀን ነው የወሰዱባት። ዘቡ ተነስቶ ተከተለ፤ ግን ወንዙ ጋ ሳይደርስ ፈረሶቹ ደከሙ። ሰዎቹ ልጓም እየጎተቱ፣ ዝናራቸውን አጥብቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

በማግስቱ ከትልቁ ወይራ ሥር ስብሰባ ሆነ። ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ሴቶቹ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ሁሴኖ ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

«ወንዙ መሻገሪያ ላይ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቀድሞ ቢቀመጥ አያልፉም ነበር» አለ። «ያለን ጠመንጃ ለሮንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። አንድ እንጨምር።»

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚበልጡት አባ ቱፋ ናቸው። ጉራቻ የሚባል ፈረስ አላቸው፤ በመንደሩ ውስጥ ጉልበት የቀረው ድንጉላ እሱ ብቻ ነበር። ቁጭ እንዳሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠመንጃ መቼ ጠፋ ሻምበል? እናንተ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ላሞቹ እኮ እዚያ ማዶ ሁለት ጊዜ ታልበዋል። የጠፋው ፈረስ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሁሴኖ አልሳቀም።

«አባ ቱፋ፣ እርስዎ ይሄን ሁሉ የሚሉት ጉራቻዎን ለመዳር ነው።»

«ልዳረው እንጂ! ምን አጠፋ? እናንተ ለባዝሮቹ ሁሉ የአህያ ባል ሰጣችኋቸው። የአህያ ባል ደግሞ ከጅብ አያስጥልም።»

ይሄኔ ሴቶቹም ሳቅን። ሁሴኖ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እሺ። ዛሬ ባዝራ ለጉራቻ እንስጥ። ውርንጭላው ለከርሞ ይወለዳል። ኮርቻ የሚችለው በአራት ዓመቱ ነው። ዘራፊው እስከዚያ ይጠብቀን? ወይስ ደርሰናልና ቆዩን ብለን መልእክተኛ እንላክበት?»

እውነት ነበር።

«የዛሬ አምስት ዓመትም እንዲሁ ብለህ ነበር» አሉ አባ ቱፋ በመጨረሻ። «ያኔ ሰምተኸኝ ቢሆን ያ ውርንጭላ ትናንት ኮርቻ ተጭኖ ነበር።»

ይህም እውነት ነበር። እኔን የሚያደክመኝ ይሄ ነው። አንዱ የዛሬን ይዞ ይጮሃል፣ ሌላው የነገን ይዞ ይጮሃል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ላሞቹ ግን አልተመለሱም።

ሰኪና አጠገቤ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ዙቤዳ፣ ነገ ነገ የሚሉትን አትስሚ» አለችኝ። «ነገ ያለው ሰው ነው ስለ ነገ የሚያወራው። እኔ ዛሬ ማታ የማልበው የለኝም።»

ለዚህ ምን ይመለሳል?

ስብሰባው አንድ ጠመንጃ ይጨመር ብሎ ወሰነ፤ ዘንድሮን ብቻ። ሌሎቹ ባዝሮች ተሸጠው ወይም አርጅተው ስላለቁ፣ ለአህያ የምትቀርብ ባዝራ በመንደሩ የቀረችው ቡሌ ብቻ ናት። አንዱ «ሚስትህ ትፈቅዳለች ወይ?» ቢለው ሁሴኖ ወደኔ ዞር እንኳ ሳይል፣

«እሷ እምቢ አትልም» አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቃል ባይናገር ኖሮ ምናልባት እምቢ አልልም ነበር።

ግንቦት ላይ አቶ ፍሰሐ አህያውን እየሳበ፣ አንድ ምንሽር አንግቶ መጣ። ባዝራ አህያን በፈቃዷ አትቀበልም፤ ስለዚህ ዓይኗን ይሸፍኗታል። ሁሴኖ ጋቢውን አውልቆ የቡሌን ፊት ሸፈነ፤ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ያዟት። እሷ በጋቢው ውስጥ ጆሮዋን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። ስንት ጊዜ አይቼ ያላስተዋልኩትን ነገር ያን ቀን አየሁ። የተሸፈነው ፊት የሷ ብቻ አልመሰለኝም።

ወደ ቤት ገባሁና ከግድግዳው ላይ ሲንቄዬን አወረድኩ። ሲንቄ እናቴ ስዳር በእጇ ያስያዘችኝ ቀጭን በትር ናት። እኛ አርሲዎች ዘንድ ያገባች ሴት ሲንቄ ይዛ በወንዶች መሃል ከቆመች ወንድ አልፏት አይሄድም፣ እጁንም አያነሳባትም፤ ነገሩ በሽማግሌ እስኪታይ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ከተዳርኩ ጀምሮ አንድም ቀን ለጠብ አላወረድኳትም። ይዤ ወጣሁና በአህያውና በቡሌ መሃል ቆምኩ።

ሁሉም ቆመ። አህያው ብቻ አልገባውም፤ ገመዱን ይጎትታል።

«ምንድን ነው? ይቺ ዱላ ምንድን ናት?» አለ አቶ ፍሰሐ።

«ዱላ አይደለችም» አሉ አባ ቱፋ ከአጥሩ ማዶ። ለማየት እንደመጡ አላየኋቸውም ነበር። «አንድ እርምጃ ጨምርና ከዚህ እስከ ጮሌ ወረዳ ድረስ ባዝራ የሚሰጥህ ሰው ካገኘህ ንገረኝ።»

ሁሴኖ ቀላ። «የኢፍቱ እናት፣ ሰው ፊት!»

«ሰው ፊት ነው የወሰንከው፤ ሰው ፊት ነው የምመልስልህ። ባዝራዋ የማን ናት?»

«ያንቺ ናት፤ ግን የመንደር ጉዳይ…»

«የመንደር ጉዳይ ስለሆነ ነው። አርጅታለች፤ ጥርሷ ረዝሟል፤ አየው እስቲ። አንዴ ትወልድ ይሆናል፣ ሁለቴ ትወልድ ይሆናል፣ አላህ ያውቃል። ከሷ በኋላ ባዝራ የለም። ባዝራ ከሌለ ፈረስ የለም። ያን ጊዜ ጠመንጃህን በሙሉ በአቶ ፍሰሐ አህያ ላይ ጭነህ ዝመት።»

አህያው በዚህች ቅጽበት ጮኸ፤ ረጅም ጩኸት። ቡሌን የያዙት ሰዎች ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ለቀቋት። እሷም አንገቷን ነቅንቃ ጋቢውን ጭቃ ላይ ጣለችው።

«ዘንድሮ ለጉራቻ ነው የምሰጣት» አልኩ። «የሚቀጥለውን ስንደርስ እናየዋለን።»

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩና እንዲሁ ይሁን አሉ። አቶ ፍሰሐ ምንሽሩን እንዳነገተ ቁልቁለቱን ወረደ። ሁሴኖ ጠመንጃው ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አየው፤ ልጁን ሩቅ አገር የሚሸኝ ሰው ነው የሚመስለው። ሰኪና ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቡሌ ከጉራቻ አረገዘች። ሁሴኖ ክረምቱን ሙሉ ከኔ ጋር የተነጋገረው «ጨው አቀብዪኝ» እና «በሩን ዝጊ» ብቻ ነው። አንዳንዴ ዝምታውን እንደ ዕረፍት እቆጥረው ነበር።

በታኅሣሥ 1966 መጡ። ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ዛፉን ከቤቱ መለየት አይቻልም ነበር። በሰኪና በኩል ነው የገቡት። አባ ቱፋ ለወተት ብለው ያዋሷትን ላምና አንዲት ጊደሯን ነዱባት፤ ከኛም ሁለት ላም ጨመሩ። ጩኸቱ ሲሰማ ሁሴኖ ዳማውን ጭኖ ወጣ። ጠመንጃ የያዙት ሁሉ ተከተሉት።

እኔ ደጃፍ ላይ ጠበቅኩ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ አየሁ። ምንሽሩን በጀርባው አንግቷል፤ ኮርቻውን ደግሞ በትከሻው ተሸክሟል። እርካቡ እየተወዛወዘ ጉልበቱን ይመታዋል። ሁሴኖ ነበር። ዳማው ዳገቱ ላይ ደረቱ ተዘግቶ ወድቆ እዚያው ቀርቷል። ዘራፊዎቹን በዓይናቸው አይተዋቸው ነበር፤ መሻገሪያውን ሲያልፉ ከሩቅ አይተዋቸዋል። ተኩሰዋልም። ጥይቱ ውሃ መታ።

ኮርቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«መሻገሪያው ላይ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«ዳማው ባያረጅ ኖሮ…» አልኩ እኔም።

ሁለታችንም አልጨረስነውም። ዳማው የቡሌ ልጅ ነበር፤ ሌላ ፈረስ አልነበራትም። ሁሴኖ ጎንበስ ብሎ የኮርቻውን ላብ በእጁ ይጠርግ ጀመር፤ በዚያች ሁለት ጣት በጎደላት እጁ።

በማግስቱ ሰኪና በራችን ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም።

«ውርንጭላሽ ደረሰልኝ?» አለችኝ።

ይህን ብላ ዞራ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት ቤቴን አልረገጠችም፤ ውሃ ስንቀዳ ብንገናኝ እንስራዋን ሳትሞላ ትመለሳለች። መንደሩም በሷ ወገን ነበር። «ሲንቄ ላም አታስመልስም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው፤ አታስመልስም። እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ ግን አላምንም፤ ልክ ነበርኩ ብዬም ሰኪናን ማየት አልቻልኩም። ይሄን ለማን ይነግሩታል?

ከወር በኋላ ሁሴኖ ዝናር ሊያስጠግን አሰላ ወርዶ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ሻይ ቤት ውስጥ የተወራውን ሰምቶ ነው።

«ነገሌ ያሉት ወታደሮች አለቆቻቸውን ይዘዋል አሉ» አለኝ።

«ያዙ ማለት?»

«አሰሯቸው። ምግቡ አይበላም፣ የውሃው መሳቢያ ተበላሽቶ የምንጠጣው አጣን ብለው ነው አሉ።»

«ውሃ?»

«ውሃ።»

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ጄቱስ ልለው ነበር። ሰው ፊቱ እንዲያ ሲሆን አይጨመርበትም። እሱ ግን ያልተናገርኩትን የሰማ ይመስል አቀረቀረ። በሌላ ቀን ጄት ሲያልፍ ራሱን ቀና አደረገ፤ ግን አልተነሳም። ከዚያ፣ ውሃ የሴት ሥራ ነው ሲል የኖረው ሰውዬ፣ ባልዲውን አንስቶ ከምንጭ ቀድቶ መጣና ቡሌ ፊት አስቀመጠው። ብናገር ባልዲውን ይተወዋል ብዬ ፈራሁ።

ቡሌ በሚያዝያ፣ በአንድ ብሩህ ጠዋት ወለደች። ወሬው ሲሰማ የዘቡ ሰዎች አጥራችን ላይ ተሰበሰቡ።

«ወንድ ነው?» አለ አንዱ።

ሁሴኖ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። «ሴት ናት።»

«ሴት!» ብለው ሁሉም ተነፈሱ። ቤት የተቃጠለባቸው ነው የሚመስሉት። ሁለቱ ሳይገቡ ተመለሱ። ሁሴኖ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ይሄን ሁሉ ጠብቀን ሴት» አለ።

አባ ቱፋ ግን ከበራችን ላይ ሆነው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሃምዱሊላህ! ሻምበል፣ የምትጋልበው አልተወለደልህም፤ ፈረስ የምትወልድልህ ግን ተወልዳለች። ጉራቻዬም አማት ሊሆን ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ የፈለግኩት እሷን ነበር። ቡላ ናት እንደ እናቷ፤ ግንባሯ ላይ ብቻ ነጭ አለባት። እርጥብ እግሮቿን አንቀጥቅጣ ስትቆም ያ ሁሉ ወር ከደረቴ ላይ ትንሽ ቀለለ።

ብዙ ሳይቆይ አቶ ፍሰሐ መጣ። ባዝራ ከወለደች በኋላ ቶሎ ወንድ እንደምትፈልግ ያውቃል፤ ሥራው ነው። አህያውም አለ፤ ምንሽሩም አለ።

«አዲስ አበባ ነገሩ እየተናወጠ ነው» አለ። «ከዚህ በኋላ ጠመንጃ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ሻምበል፣ ዛሬ ካለፈህ አለፈህ።»

ሁሴኖ ምንሽሩን አየ። ዓይኑ እንደ ድሮው በራ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«እኔን አትጠይቀኝ። ባዝራዋ የሷ ናት፤ እሷን ጠይቃት።»

ይኸው! ስንት ዓመት ሳይጠይቀኝ ኖሮ፣ ነገሩ ሲከብድ ከትከሻው አውርዶ እኔ ላይ ጫነው። ማክበሩ ነው ወይስ መገላገሉ? አሁንም አላውቅም። ሁሉም ያየኝ ጀመር። ሲንቄዋ ግድግዳው ላይ ነበረች፤ አልተነሳሁም። በአጥሩ ላይ አሻግሬ የሰኪናን ቤት አየሁ። በረቷ ባዶ ነው፤ በሩ እንኳ አልተዘጋም፤ የሚዘጋበት ነገር የለማ።

«እሺ» አልኩ።

«እሺ አልሽ?» አለ ሁሴኖ።

አባ ቱፋ ሳል ሳል አሉ። «ዙቤዳ ልጄ፣ የአህያ ባል እኮ…»

«አውቃለሁ አባ ቱፋ። እርስዎ እህል ሲያስገቡ መጀመሪያ ዘሩን ለይተው አይደል ቀሪውን የሚበሉት? ዘሩ ጋጥ ውስጥ ቆሞ ጡት እየጠባ ነው። ዘንድሮ ቡሌ ለአህያው ትሁን። ግን ሁለት ነገር አለኝ።»

«ተናገሪ» አለ ሁሴኖ፤ ድምፁ እንደ ዘብ አለቃ ሆነ።

«አንደኛ፣ ይሄ ጠመንጃ ለሰልፍ አይወጣም። በሰኪና በኩል፣ ጫካው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ሮንዱም ከዚያ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ትንሿ ለአህያ አትቀርብም። መጀመሪያ ፈረስ፣ ከዚያም ፈረስ ትወልዳለች። ዘንድሮን ብቻ የሚል ሰው እንዳልሰማ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሴኖም እሺ አለ። የቡሌን ዓይን በጋቢው ሲሸፍን ግን እኔ ወደ ቤት ገባሁ፤ ያንን ማየት አልፈለግኩም።

ምንሽሩ በዚያው ቀን ወደ ሰኪና ቤት ሄደ። እሷም ሁሉን ሰምታ ማታውን መጣችና ደጃፋችን ላይ ቆመች።

«ላሞቼ ካለቁ በኋላ!» አለችኝ።

«አዎ፤ ካለቁ በኋላ» አልኳት።

ትንሽ ቆማ፣ ገባችና ተቀመጠች። እርጎ ሰጠኋት፤ ጠጣች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወደ ጋጥ ስገባ ሁሴኖና አቶ ፍሰሐ ትንሿ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ነጋዴው እግሯን እየዳበሰ፣

«አጥንቷ ጥሩ ነው። በሦስት ዓመቷ ለአህያዬ ትደርሳለች፤ ሁለት ምንሽር የምታወጣ በቅሎ ነው የምትወልደው» ይላል። ሁሴኖ አገጩን ይዞ ያዳምጣል። ሲያየኝ ደነገጠ።

«እኔ ምንም አልተናገርኩም!» አለ።

«አላልክም። እያሰብክ ግን ነው።»

ተመልሼ ሲንቄዬን ከግድግዳው አወረድኩና ጋጡ በር ላይ፣ ከላይ ካለው አግዳሚ ላይ አሰርኳት። እናቴ ብታይ ከብት ቤት ሰቀልሻት ብላ ታዝንብኝ ነበር። ምን ላድርግ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሜ መዋል አልችልም፤ ሌላም ሥራ አለብኝ።

እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ጄት ሲያልፍ በሩ ይንቀጠቀጥና ሲንቄዋ ከእንጨቱ ጋር ትጋጫለች። ሁሴኖ አሁንም ይሮጣል፤ ልማድ አይለቅም። ግን መጀመሪያ ወደ ጋጡ በር ያያል፤ ከዚያ ነው ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጠው።